የራሱን ተዝካር የበላ

ግንድ ነው ወይስ ሰው?

የኔታ ታርካራትና የሚባሉት መምህራችን ከሚያስተምሩን ምሳሌ ሁሉ እንደዚህ ያንገፈገፈኝ አልነበረም። «ጭጋግ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ታያለህ። ግንድ ነው ወይስ ሰው? ይህ ጥርጣሬ ነው። ቀረብ ትላለህ፤ እጅ ታያለህ፣ እግር ታያለህ፣ ሰው ነው ትላለህ። ይህ እውቀት ነው።» ይህን ይሉና ሱረታቸውን በሁለት ጣት ቆንጥረው ወደ አፍንጫቸው ይሰዳሉ፤ ዓለምን ከነወንዟ ከነዛፏ እሳቸው የፈጠሯት ይመስል ዓይናቸውን ጨፍነው ያስነጥሳሉ። ዓይን ደዌ ከሌለበት፣ ብርሃን ካልጎደለ፣ ነገሩም ካልራቀ፣ ያየኸው ነገሩ ራሱ ነው፤ ሌላ አይደለም። የከተማችን የናባዲፕ ሊቃውንት ኩራት ይህች ናት። በዚህች ሲከራከሩ ፀጉራቸው ሸበተ፣ ጥርሳቸው ረገፈ። አንዳቸውም ግን ወንዝ ዳር ወርደው አንድ ግንድ ሲያዩ አላጋጠመኝም።

እኔ ከወንዝ ዳር አልጠፋም። ማለዳ ማለዳ ጋንጋ ወንዝ ዳር ተቀምጬ የማዶው ዳርቻ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ማየት ከየኔታ ጉባኤ ይሻለኛል ብዬ ትምህርቱን ከተውኩት ሰንብቻለሁ። በዚህ የተነሳ ቤት ውስጥ ስሜ ፓንቹ መሆኑ ቀርቶ «ያ ፈዛዛ» ሆኗል።

የተዝካሩ ዕለት ማለዳም እዚያው ነበርኩ። አሸዋው ላይ፣ ጭጋጉ ውስጥ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር አየሁ። ግንድ ነው ወይስ ሰው? አልኩ በሆዴ እየሳቅሁ።

ግንዱ ብብቱን አከከ።

ቀረብ ሲል ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ እግሩ የተሰነጣጠቀ፣ ከወገቡ በላይ ራቁቱን የሆነ ሰው ነው። መንገድ ላይ እንደሚያድሩት መናኞች አመድ ተቀብቷል፤ አመዱ ግን በላብ ተቦጫጭሯል።

«አንተ ልጅ» አለኝ፣ «የጃዳብ ቤት አሁንም ከዋርካው ወዲያ ነው?»

«ነው። ምን ፈልገህ ነው?»

«ቤቴ ነዋ!» አለና አፍንጫውን ወደ ሰፈሩ አቅንቶ አየሩን ሳበ። «የሩዝ ሽታ ይሸተኛል። ቅቤም አለበት። ሠርግ ነው?»

«ተዝካር ነው።»

«የማን?»

«የአጎቴ የሃላዳር።»

ሰውየው ጢሙን ይዞ ትንሽ አሰበ። ይደነግጣል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«እንግዲያው ፈጠን እንበል» አለ፣ «ሳያልቅ።»

ሃላዳር የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ከሰዓት አክስቴ ኒስታሪኒ አሳ አጥባ፣ እሳት አንድዳ፣ የሰናፍጭ ዘይት አልቆባት፣ በቶሎ ገዝቶ እንዲመጣ ማሰሮውን አስይዛ ላከችው። ማሰሮውን ይዞ ወጣ። አልተመለሰም። ነብር በላው ያለ አለ፣ ውሃ ወሰደው ያለ አለ፣ መናኝ ሆኖ ቤናሬስ ከተማ ታየ ያለም አለ። አክስቴ ሚስት የባሏን ስም አፏ ውስጥ አታስገባም በሚለው በአገራችን ወግ ያደገች ናትና ያን ጊዜም ከዚያም ወዲህ ሃላዳር ብላው አታውቅም። «ዘይት ሊገዛ የሄደው» ነበር የምትለው። እናት አባቴ በኮሌራ ባንድ ሳምንት ከሄዱ ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ዘይት ሊገዛ ስለሄደው ሰው ስትናገር ድምጿ ውስጥ ምን እንዳለ እኔም በቅጡ አልለየሁትም ነበር።

ሕጉ የታወቀ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ወሬው የጠፋ ሰው እንደሞተ ይቆጠራል። አስከሬን የለምና ከሣር ሰው ይሠራለታል፤ ሣሩ ይቃጠላል፣ ተዝካር ይወጣል። ታላቁ አጎቴ ጃዳብ ዓመቱን በጣቱ እየቆጠረ ሲጠብቅ ኖሯል፤ ምክንያቱም ሃላዳር ከሞተ ድርሻው የሆነው የማንጎ ዛፍ ሁሉ የጃዳብ ነው። የኔታ ታርካራትናም «በሕግ ፊት ሞቷል» ብለው ፈረዱ። ከተዝካሩ አራት ቀን በፊት ሣሩን ባቃጠልን ዕለት የአክስቴን የባለትዳር ሴት ምልክት የሆነውን የዛጎል አምባር ግቢው ውስጥ ካለው የወፍጮ ድንጋይ ጋር አጋጭተው ሰበሩት፣ ከፀጉሯ መሃል ቀዩን ቀለም ጠረጉት፣ ነጭ ነጠላ አለበሷት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ አሳ የለም፤ በቀን አንዴ መብላት ነው፤ ሠርግ ቤት ከታየች ክፉ ገድ ናት። የአሳ አጥንት ስትለቅም ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሊያያት የሚገባት ሴት ነበረች፤ ያን ያህል ትወድ ነበር። ያን ምሽት ወደ ጓዳ ስገባ ባዶ የቀረውን የእጇን አንጓ እያሸች ነበር።

«ፓንቹ» አለችኝ፣ «ሬሳ አሳይተውኝ ቢሆን እሺ። እኔ ሰው አልሞተብኝም እኮ። ሣር ነው የተቃጠለብኝ።»

ሰውየውን አስከትዬ ግቢ ስደርስ ሊቃውንቱ በዳሱ ሥር ምንጣፍ ላይ ተደርድረዋል። በእኛ አገር ተዝካር ያለ ክርክር አይደምቅም። ሊቃውንት ከየመንደሩ ይጠራሉ፣ ይከራከራሉ፤ የረታ የመጀመሪያውን ስጦታ፣ የሱፍ ኩታና የናስ እንስራ ይዞ ይሄዳል። የሟቹ ነፍስ በዚህ ምን እንደምትጠቀም ጠይቄ አንዴ በጥፊ ተመልሶልኛል። ኩታውና እንስራው ሁሉም እንዲያያቸው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። በስተቀኝ የኔታ፤ በስተግራ ከወንዝ ማዶ የመጡት ባጊሽ፣ ቀጭን፣ ጉሮሯቸው ረጅም፣ የኔታን ለመርታት ከአንድ ሰው ሞት እስከ ሌላው ሞት ሲጠብቁ ያረጁ ሊቅ። የባጊሽ ትምህርት የየኔታ ተቃራኒ ነው። ዓይን ውሸታም ነው ይላሉ። ገመዱን እባብ፣ ዛጎሉን ብር ብሎ የሚያሳይህ ዓይን፣ እባቡንና ብሩንስ በትክክል እንዳሳየህ በምን ታውቃለህ? ሕልም ውስጥ ያለ ሰውም ነቅቻለሁ ይላል።

እንዲህ ያሉትም ትንባሆ ሲያስፈልጋቸው ግን እጃቸውን ወደ ሕልም ሰደው አያውቁም። ሁልጊዜ የሚያገኙት ከረጢቱን ነው።

«ወንድም ጋሼ» አለ መናኙ ዳሱ ጫፍ ላይ ቆሞ። «ከስተሃል እኮ!»

ጃዳብ ቀና አለ። ከሁላችን በፊት ያወቀው እሱ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ፣ አፉ ተከፈተ፣ በእጁ የያዘው የሙዝ ቅጠል ወደቀ። የማያውቁት ሰው እንዲህ አያስደነግጥም።

«ማነህ አንተ?» አለ ድምፁ ተሰብሮ።

«የዛሬው ሟች ነኛ!»

ግቢው ተናወጠ። ከኋላ የተቀመጡት ገበሬዎች ሳቁ። አንዷ አሮጊት «እኔን!» ብላ ፊቷን ሸፈነች። «ሃላዳር ነው! አፍንጫውን እዩት!» አለ አንዱ። «አፍንጫ የሌለው ማን አለ?» አለ ጃዳብ። «ሃላዳር እንዲህ ጥቁር አልነበረም!» «አሥራ ሁለት ዓመት ፀሐይ የመታው እንደ አንተ ጥላ ሥር የተቀመጠ መሰለህ?» ተባለና ሌላ ሳቅ ሆነ።

«ዝም በሉ!» አሉ ታርካራትና። «ሊቃውንት በተቀመጡበት ገበያ አታድርጉት። ሰውየው፣ ወዲህ ቅረብ።»

ቀረበ። ጭጋጉ ተገፏል፤ ብርሃን አልጎደለም። በየኔታና በእሱ መካከል ሁለት ክንድ ቢሆን ነው፤ አልራቀም። የየኔታ ዓይን ደግሞ ከእንስራው ላይ ዝንብ ስታርፍ ከሩቅ የሚያይ ጤነኛ ዓይን ነው። ይኸው፣ ዕድሜ ልካቸውን የሰበኩት ነገር ሁሉ ተሟልቶ ፊታቸው ቆመ። ቢያንስ አሁን አንድ ቃል ይወጣቸዋል ብዬ ጠበቅሁ።

«መመሳሰል» አሉ የኔታ ቀስ ብለው፣ «አንድ መሆን አይደለም። የዛጎል ስባሪ ፀሐይ ሲመታው ብር ይመስላል።»

የአክስቴ አምባር ስባሪ እዚያው ወፍጮው ሥር ተበትኖ ያብረቀርቅ ነበር። በእነዚያ ቀናት ማንም ብር ነው ብሎ ሲያነሳው አላየሁም።

የባጊሽ ግን ረጅሙ ጉሮሯቸው ወደ ላይ ወደ ታች አለ። የሚስቁ መሰለኝ፤ ሳቅ ሳይሆን ደስታ ነው ያነቃቸው።

«የኔታ ታርካራትና» አሉ፣ «ጆሮዬ ነው ወይስ እርስዎ ነዎት? ዓይን አያስተማምንም ነው ያሉት?»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«ሰውየው በጠራራ ፀሐይ፣ በሁለት ክንድ ላይ ቆሟል። አይታወቅም ካሉ፣ ምኑ ነው የሚታወቀው? ይህችን ከአፍዎ ለመስማት ስንት ጀልባ ተሳፈርኩ!»

«ጉድለት አለበት አልኩ! ጢም አለው፣ አመድ አለው። የሚያዩትም ሰዎች ሃላዳርን ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው፤ የሚጠብቅ ዓይን የታመመ ዓይን ነው።»

«ጃዳብም ሲጠብቅ ኖሯል?» አለ ከኋላ አንዱ ገበሬ፣ ሳቁም እንደገና ፈነዳ።

ከበስተጀርባዬ፣ ሴቶቹ ካሉበት ከሸምበቆው መጋረጃ በኩል፣ ነጠላዬ ተጎተተ።

«ፓንቹ!» አለች አክስቴ በሹክሹክታ። «ዘይቱስ? በለው።»

«አክስቴ፣ አሁን ይህ...»

«በለው አልኩህ!»

«ዘይቱስ ትላለች» አልኩ ጮክ ብዬ።

ሰውየው አንገቱን አከከ። ለመጀመሪያ ጊዜ እፍረት የመሰለ ነገር ፊቱ ላይ አየሁ። «ማሰሮው ተሰብሮ...» አለ። ከዚያ «ተሰብሮ እንኳ አይደለም። መንገድ ላይ ራበኝና በእርጎ ለወጥኩት።»



«ይኸው!» አለ የሳቀው ገበሬ። «ከእሱ ሌላ ማን ይህን ያውቃል?»

«ማን የማያውቅ አለ?» አሉ የኔታ። «ዘይት ሊገዛ እንደወጣ መንደሩ ሁሉ የሚተርከው ነው። ከመንገደኛ ሰምቶ ይሆናል። መስማት ሌላ፣ ማወቅ ሌላ።»

እንዲህ ሲጨቃጨቁ ጥላው ዞረ። እጁን ዳሰሱት። መዳሰስ ቆዳን እንጂ ሰውን አይነግርም ተባለ። ድምፁን ሰሙት። ድምፅ አየር ላይ ይወለዳል፣ አየር ላይ ይሞታል፣ የማንም ንብረት አይደለም ተባለ። የልጅነት ጠባሳውን አሳየ። ጠባሳ የሌለው ጉልበት አምጡልኝ አሉ የኔታ። ባጊሽ በእያንዳንዱ መልስ ራሳቸውን እየነቀነቁ «እሰይ፣ ይበሉ፣ ይበሉ» ይላሉ፤ ተከራካሪያቸው በገዛ እጁ ቤቱን ሲያፈርስ እያዩ።

እኔስ? ከጠየቃችሁኝ አላወቅሁትም። ሲሄድ ልጅ ነበርኩ። የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ ትከሻው ላይ አድርጎኝ ወንዝ ወርዶ፣ አሳ አጥማጆች ሲበሉ አይቶ ሊበላ ሄዶ፣ እኔን አሸዋ ላይ ረስቶኝ ቤት የገባበት ቀን። ፊቱ ከዚያ ቀን አብሮኝ አልመጣም። ማንም አልጠየቀኝም እንጂ ቢጠይቀኝ አላውቅም እል ነበር። ግን የእኔ አለማወቅ ከልጅነት የመጣ ነው። የእነሱ አለማወቅ ከናስ እንስራ የመጣ ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ቃል መጠቀማቸው ያናድደኛል።

ሰውየው በመሃል ተረሳ። ሊቃውንቱ ስለ እሱ ሲከራከሩ እሱ መኖሩን ረሱት፤ ይህም ልማዳቸው ነው። ዞር ዞር ብሎ፣ ሆዱን ዳብሶ፣ ወደ መሥዋዕቱ ሄደ። በሣር ምንጣፍ ላይ ለሟቹ ነፍስ የቀረበው የሩዝ ድቡልቡል በሙዝ ቅጠል ላይ ተቀምጧል፤ ሰሊጥ፣ ማርና ቅቤ ተለውሶበታል። ቁጢጥ አለ። አነሳው። ጎረሰው።

ጩኸቱ ከወንዝ ማዶ ሳይሰማ አልቀረም። ቁራ ሁሉ ከዛፉ ተነሳ። ጃዳብ ጭንቅላቱን ያዘ። የኔታ ዘለው ቆሙ፤ በሕይወቴ ሲዘሉ ያየሁበት ቀን ያ ብቻ ነው።

«የሙታንን ምግብ! ርኩስ! የሙታንን ምግብ በላ!»

«የማንን?» አለ ሰውየው አፉ እንደሞላ።

«የሃላዳርን ነዋ!»

«ለማን ነበር የተሰጠው?»

«ለሃላዳር!»

ሰውየው ዋጠ፤ ጣቱን ላሰ።

«ደርሶታል» አለ። «ጨው ጎድሎታል እንጂ።»

ጠዋት ይህንኑ ድቡልቡል ሲያቀርቡ የኔታ አልተጠራጠሩም። ነፍስ መጥታ ትበላለች ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው ደገሙ። ነፍሷን ማንም አላያትም፤ ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ርቀቱ፣ ስለ ዓይን ደዌ የጠየቀ የለም። የማይታየው ሃላዳር መብላቱ እርግጥ ነበር። የሚታየው ሃላዳር ሲበላ ግን ማን እንደሆነ ጠፋቸው።

ባጊሽ እጃቸውን አነሱ።

«የኔታ፣ ነገሩን እናሳጥረው» አሉ ድምፃቸው እየጣፈጠ። «ዓይን እውነት ያሳያል ካሉ ይህ ሰው ሃላዳር ነው። ሃላዳር ከሆነ አልሞተም። ካልሞተ ተዝካር የለም፣ ተዝካር ከሌለ ኩታውም እንስራውም የለም። ዓይን እውነት አያሳይም ካሉ ደግሞ ተዝካሩ ተዝካር ነው፤ ግን ክርክሩን እኔ ረታሁ፣ ኩታውና እንስራው የእኔ ነው። የወደዱትን ይምረጡ።»

ይህን የመሰለ ወጥመድ አይቼ አላውቅም። ባጊሽን እንኳ ለአንድ አፍታ ላከብራቸው ነበር፤ ነገር ግን ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው ኩታው ላይ ነበር።

የኔታ ተቀመጡ። ሱረታቸውን አወጡ። አንዱን አፍንጫ፣ ከዚያ ሌላውን። ጥርጣሬ፣ እውቀት፣ ዛጎል፣ ብር፣ ይህ ሁሉ በዚያ አሮጌ ጭንቅላት ውስጥ ሲንጫጫ የሰማሁ መሰለኝ። አስነጠሱ። ሲያስነጥሱ ፊታቸው በራ። ጃዳብን በጣታቸው ጠርተው ጆሮው ሥር ረጅም ነገር አወሩት። የጃዳብ ፊት ቀስ በቀስ ቀለሙ ተመለሰ፤ በመጨረሻ ፈገግ አለ።

«ጉባኤው ይስማ!» አሉ የኔታ። «ጉድለቶቹን አንድ በአንድ መረመርኩ፤ አንድ በአንድ ተወገዱ። ዓይኔ ጤነኛ ነው፣ ብርሃን አለ፣ ሰውየው ቅርብ ነው። ይህ ያ ሃላዳር ነው! ያየነው ነገሩ ራሱ ነው፤ ሌላ አይደለም!»

ተማሪዎቻቸው አጨበጨቡ።

«እንግዲያው ተዝካሩ...» አሉ ባጊሽ።

«ይታገሡ። ሃላዳር በሕግ ተቃጥሏል። የተቃጠለ ሰው በእግሩ እየሄደ ቤት አይገባም፤ መወለድ አለበት። መጻሕፍት ይህን ያዛሉ። በቅቤ የተቀባ ጋን ውስጥ ይገባል፣ እንደ ፅንስ ይጠቀለላል፣ ይወጣል። ስም ይወጣለታል። ቅዱሱን የትከሻ ክር ይታሰራል። ሚስቱን ደግሞ ያገባል። ለእያንዳንዱ ሥርዓት ሊቃውንት ይጠራሉ፣ ለእያንዳንዱም ኩታ አለ። ለባጊሽም አለ።»

ባጊሽ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ገጠሙት። ዓለም ሕልም ናት ያሉት ሰው ኩታ ሲቆጥሩ አየኋቸው።

«እስኪያድግም ድረስ» ብለው ጨመሩ የኔታ ጃዳብን እያዩ፣ «የሕፃን ንብረት በታላቅ ወንድሙ እጅ ይጠበቃል። ይህም ሕግ ነው።»

ለዚህ ነው ጃዳብ ፈገግ ያለው። ማንጎው እዚያው ቀረለታ።

«ምግብ ይኖራል?» አለ ሃላዳር።

«ከተወለድክ በኋላ» ተባለ።

«ሚስቱ ትጠየቅ» አሉ የኔታ። «ለወጉ ያህል። ታውቀው እንደሆነ ትበል።»

ወደ መጋረጃው ሄድኩ። ከሸምበቆው ስንጥቅ ጀርባ አንድ ዓይኗ ይታየኛል።

«ፓንቹ» አለችኝ፣ «አብረኸው ነው የገባኸው። ከገባ ጀምሮ ምን ምን ሲያይ አየኸው?»

አሰብኩ። «ወንድሙን አየ። ከዚያ ሩዙን።»

«ከዚያስ?»

«ጋኑን። የቅቤውን ዕቃ። ሩዙን እንደገና።»

«ዘይቱስ ብለህ ከእኔ ዘንድ ስትጠይቀው ወዴት አየ?»

«ወደ... ወደ ሩዙ።»

«ወደዚህስ? አንዴ?»

እውነት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ጠፍቶ ሲመጣ፣ ሚስቱ ያለችበትን መጋረጃ አንድ ጊዜ እንኳ አላየውም።

«እሱ ነው» አለች። እንደ ሣቅ ያለ ነገር በአፍንጫዋ ወጣ። «ይህን ሌላ ሰው አስመስሎ ሊሠራው አይችልም።»

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

በወንዶች ጉባኤ ፊት፣ ነጭ ለብሳ፣ ፀሐይ ላይ። ለጃዳብ ጀርባዋን ሰጥታ ነጠላዋን ግንባሯ ድረስ ሳበች፤ ወግን የምታፈርሰው እንኳ በወግ ነበር። ከዚያ ጣቷን ዘርግታ፣ ግቢው ሁሉ እየሰማ፣

«ሃላዳር ነው» አለች።

ሊቃውንቱ አንገታቸውን ደፉ። ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ትንፋሻቸውን ዋጡ። የሞተ ባሏን ስም እንኳ የምትጠራ ሚስት በእኛ አገር የለችም። ሃላዳር ራሱ ያን ጊዜ ዞረ፤ በጠዋቱ ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ አያት፤ ስሙን ከማን እንደሰማ ያልገባው ይመስል ነበር።

«አወቀችው!» አሉ የኔታ ላባቸውን እየጠረጉ። «ጋኑን አምጡ!»

ጋኑ መጣ፤ ለሦስት ቤተሰብ ውሃ የሚይዘው። ቅቤ ተቀባ። አርባ የተጠጋው ሰው ጉልበቱን አጥፎ፣ ጢሙን ሰብስቦ፣ «ጠበበኝ» እያለ ገባ። የኔታ ከላይ ሆነው ደገሙ። ሴቶቹ ወንድ ልጅ ሲወለድ እንደሚሉት እልል አሉ። አንዷ በሳቅ እልልታው መሃል ላይ ተሰበረባት።

«እስከ ማታ እዚያው ይቆያል» አሉ የኔታ። «ሠርጉን ነገ እናደርገዋለን፤ ቀኑ መልካም ነው። ሴትዮዋ ትዘጋጅ።»

«የማን ሠርግ ነው፣ የኔታ?» አለች አክስቴ። አልገባችም ነበር፤ እዚያው ወፍጮው አጠገብ ቆማለች።

«የአንቺና የባልሽ ነዋ።»

«የትኛው ባሌ?»

«ይኸው፣ ጋኑ ውስጥ ያለው።»

«እሱ እኮ ገና አሁን ነው የሚወለደው። እኔ ሠላሳ አልፎኛል። ነውር አይሆንም?»

ከኋላ ሳቅ ጀመረ። የኔታ ሱረታቸውን ፈለጉ፤ አልቆ ነበር።

«ልጄ፣ ይህ የሥርዓት ነገር ነው። ሕፃን ስንል...»

«ለማንጎውም ሕፃን ነው ብለዋል። ለማንጎው ሕፃን፣ ለእኔ ጎልማሳ? አንዱን ይምረጡ፣ የኔታ።»

ባጊሽ አፋቸው ላይ እጃቸውን ጭነው በሳቅ ተንቀጠቀጡ። ጃዳብ ከኋላ «ሕፃን ነው! ሕፃን ነው!» አለ በጥድፊያ።

«ወንድሙ ይመስክር» አለች አክስቴ ሳትዞር። «እንግዲያው ሲያድግ ይምጣ። ያን ጊዜ አየዋለሁ።»

«እስከዚያ አንቺ ምንድን ነሽ?» አሉ የኔታ ተቆጥተው። «ሰው ወይ ሚስት ነው፣ ወይ ባሏ የሞተባት ነው!»

«እርስዎ ይንገሩኛ፣ ሊቁ እርስዎ ነዎት። ሃላዳር ሞቷል?»

ስሙን ለሁለተኛ ጊዜ ጠራችው። አሁን ቀለላት።

«አ... አልሞተም። ይህ ያ ነው ብያለሁ።»

«ባሌ የሞተብኝ አይደለሁማ። በጋኑ ውስጥ ያለውን ልጅ አግብቻለሁ?»

«ገና...»

«ያላገባች ሴት አሳ ትበላለች ወይስ አትበላም?»

የኔታ ወደ ተማሪዎቻቸው አዩ። ተማሪዎቹ ወደ ምንጣፉ አዩ። ባጊሽን አዩ፤ ባጊሽ ሰማይ ያያሉ። ዓይን ጤነኛ ነው፣ ብርሃን አለ፣ ሴትዮዋ ቅርብ ናት፤ ግን ያንን ሁሉ ሊቅ ያየ ሰው ጭጋግ ውስጥ የቆመ ግንድ ነው ይል ነበር።

«ትበላለች» አሉ በመጨረሻ፣ ጥርሱ እንደተነቀለ ሰው።

አክስቴ ጎንበስ ብላ የአምባሯን ስባሪዎች ከወፍጮው ሥር ለቀመች፤ ማንም በባዶ እግሩ እንዳይረግጣቸው ወደ ቆሻሻው ጣለቻቸው። ከዚያ ለሐዘንተኞች ለነገ የተገዛውን የአሳ ቅርጫት ከጥላው ሥር ሳብ አድርጋ ገለጠች። ኢሊሽ ነበር፤ ወንዙ በክረምት ብቻ የሚሰጠው፣ ስቡ ራሱን የሚጠብስ አሳ። የዳጎሰውን መርጣ ወሰደች።

«ፓንቹ፣ እሳቱን አንድድ» አለች። «ዘይት አለ?»

«ማሰሮ ሙሉ» አልኳት።

ሊቃውንቱ የሚቀጥለውን ኩታ ሲካፈሉ እኛ ጓዳው ደጃፍ ላይ አሳ ጠበስን። የሰናፍጩ ሽታ በግቢው ላይ ተዘረጋ። አክስቴ ቁጭ ብላ፣ አጥንቱን አንድ በአንድ በጣቷ እየለቀመች፣ ማንንም ሳትጠብቅ በላች። ከአራት ቀን በፊት ባዶ ቀርቶ የነበረው የእጇ አንጓ ላይ ዘይት ይወርድ ነበር።

ጋኑ ተንቀሳቀሰ። ከውስጡ የታፈነ ድምፅ መጣ።

«ኢሊሽ ነው? ኧረ እናንተ ሰዎች፣ የሚሸተኝ ኢሊሽ ነው? ቁራሽ አቀብሉኝ!»

አክስቴ ጣቷን ላሰች፤ የመጨረሻዋን አጥንት ቅጠሉ ላይ አኖረች፤ ወደ ጋኑ ሳትዞር፣

«ገና ጥርስ አላበቀልክም» አለችው።